በሽተኛው ከተኛበት አልጋ ድረስ የሚመጣ የአእምሮ ሐኪም
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላወራላችሁ ያሰብሁት ስለ አእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ቤት አይደለም። ስለ ሌላ ሰው ነው፤ በትኩሳት፥ በሳንባ ነቀርሳ፥ በተሰበረ እግር ወይም በወሊድ ምክንያት በማንኛውም ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አእምሮው ስለሚታወክበት ሰው ነው። እንዲህ ያለው በሽተኛ ከሁለት አጥር መካከል የወደቀ ነው። የሥጋውን ሕመም የያዘው ሐኪም «ይህስ የእኔ ሥራ አይደለም» ይላል፤ ሥራዬ ነው የሚለው ሐኪም ደግሞ ከዚያ ክፍል የለም። ዘመድም ግራ ይጋባል። ሰዎቹ ሲመካከሩ በሽታው ግን አይጠብቃቸውም።

ነገሩ እንዲገባን ምሳሌ ከምናውቀው አገር እናምጣ። አምበር የአነደድ ወረዳ ከተማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ሉማሜን ካለፈ በኋላ ያገኘዋል። አገሩ ደጋ ነው፤ ሰውም ጤፍና ስንዴ አምራች ነው። ነገር ግን መሬት ያጠረው ጎልማሳ በሰሊጥ ሥራ ጊዜ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ጉልበቱን ይሸጣል፤ ሲመለስም አንዳንዴ ከገንዘቡ ጋር ወባ ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ አንዱን እናስብ። ለምሳሌ ያቆምነው ሰው ነውና ስም አንሰጠውም።

ይህ ሰው በትኩሳት ነድዶ ሆስፒታል ተኛ። በሁለተኛው ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ በሬዎቹ ከሰው እህል የገቡበት ይመስል ይጮኽ ጀመር፤ የመድኃኒቱን ቱቦ ከክንዱ ነቀለ፤ ሚስቱንም «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» አላት። ሲነጋ ጸጥ ብሎ ሻይ ጠጣ፤ ያደረገውንም አያስታውስም። ሲመሽ እንደ ገና ባሰበት። በዚያን ጊዜ በአልጋው ዙሪያ ፍርድ ይሰጣል። እናቱ «ልጄን ለክፎብኛል፤ ጠበል ልውሰደው» ትላለች። የጎረቤት አልጋ በሽተኛ «አብዷል፤ ከእኛ ለዩልን» ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ስትሮጥ ያደረች ነርስ ደግሞ «አዲስ አበባ አማኑኤል ይላክ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ሦስቱም የተለያየ ነገር የተናገሩ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም ሰውዬው ከዚያ ክፍል ይውጣ ማለት ነው። ከዚያ ክፍል የወጣ እንደ ሆነ ግን የመሞቱ ነገር እጅግ የቀረበ ነው።

አሁን የአእምሮ ሐኪም ወይም በዚሁ ሙያ የሠለጠነ ነርስ ተጠርቶ መጣ እንበል። አስቀድሞ የሚያደርገው መርፌ መውጋት አይደለም። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ስሙን፥ ያለበትን ቦታ፥ ቀኑን ይጠይቀዋል። ቀጥሎም «እስቲ የሳምንቱን ቀኖች ከእሑድ ጀምረህ ወደ ኋላ ቁጠርልኝ» ይለዋል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ቢሆን ጤነኛ ሲሆን ይህን ያደርገዋል፤ ይህ ሰው ግን እሑድ፥ ቅዳሜ ብሎ ሐሳቡ ይሸሸዋል፤ ወዲያው ዓይኑ ይከደናል። ከዚያ ሚስቱን «ከመቼ ወዲህ ነው? ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ቀንና ሌሊት እኩል ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ትናንት የጀመረ፥ በሌሊት የሚብስ፥ በቀን የሚለዝብ፥ ልብን የሚያፈዝዝ ከሆነ ይህ እብደት የሚባለው አይደለም። ያገራችን ሰው ትኩሳት አቃዠው የሚለው ነው፤ ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። አንጎል በራሱ አልታመመም፤ ከሌላው አካል በመጣበት መከራ ተጨንቆ ነው የሚጮኸው። ምክንያቱ የወባ ተሐዋሲ አንጎል ላይ መድረሱ ይሆናል፤ የደም ስኳር መውረድ፥ የአየር ማነስ፥ የኩላሊት ድካም፥ የሽንት መታገድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአእምሮ ሐኪሙ በካርዱ ላይ የሚጽፈው መልስ «ይህ በሽተኛ የውስጥ ደዌ በሽተኛ ነው፤ ደሙን መርምሩ፤ ስኳሩን አሁኑኑ ለኩ፤ ወደ ሌላ ቦታ አይላክ» የሚል ነው።

አድማጮቼ፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። ብዙ ሰው የአእምሮ ሐኪም ሲጠራ በሽተኛውን ሊወስድ የመጣ ይመስለዋል። እኔ እንደማምነው ግን ከሚሰጠው አገልግሎት ትልቁ በሽተኛውን እንዳይወሰድ መጠበቁ ነው። የሥጋው ሐኪም «አእምሮ ነው» ብሎ የተወውን ሰው «አይደለም፤ ተመልሰህ ሥጋውን እይ» የሚለው እርሱ ነው። ዴሊሪየም የያዘው በሽተኛ ካልያዘው ይልቅ ለሞት የቀረበ ስለ ሆነ ይህ የቃል ክርክር አይደለም።

ከዚህም የሚከፋ አለ። የሚጮኸውስ ቢያንስ ይታያል፤ ነገር ግን ዴሊሪየም ጸጥ የሚያሰኘው በሽተኛም ብዙ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ አይበላም፤ ሲጠሩት ዘግይቶ ይመልሳል። ማንንም አያስቸግርምና ማንም ጥያቄ አይጽፍለትም። ዘመዶቹ «ተስፋ ቆርጦ ነው» ይላሉ፤ አስተዋይ የሆነ ሐኪምም እንኳ የመንፈስ ጭንቀት ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ቀን ያስቆጠረው ሰው ግን ልዩነቱን ያገኘዋል።

ደግሞ ስለ መጠጥ ሳልናገር አላልፍም። የደብረ ማርቆስ አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፤ ማመስገኑን ለሌላ ሰው እተወዋለሁ። አንድ ነጋዴ እግሩ ተሰብሮ ይተኛል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ በግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ያያል። ሰውዬው ለዓመታት በየቀኑ ይጠጣው የነበረው አረቄ በድንገት ስለ ተቋረጠበት ነው። ታዲያ ሐኪሙ ሲገባ «ይጠጣሉ?» ብሎ ጠይቆት ነበር፤ እርሱም «የለም፤ ጠላ ብቻ» ብሎ መልሷል። አልዋሸም፤ በአገራችን ጠላ ከመጠጥ አይቆጠርምና። የሠለጠነ ጠያቂ ግን «በቀን ስንት ጣሳ ይሆናል? ጠዋትስ አፍዎን በምን ይፈታሉ?» ይላል። አረቄው የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው፤ ሚስትየውም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ራሷን ትነቀንቃለች።

እዚህ ላይ የመድኃኒቱ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ አረቄ ለተቋረጠበት ሰው ሕይወት ያተርፋል፤ በሌላ ምክንያት ለመጣ ዴሊሪየም ግን መቃዠቱን ሊያብሰው ይችላል። እንዲሁም ምግብ ትቶ በመጠጥ የኖረ ሰው ግሉኮስ በደም ሥሩ ከመግባቱ በፊት ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ሊሰጠው ይገባል፤ ያለዚያ አንጎሉ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። በሁለት አልጋዎች ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሲጮኹ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ይጎዳል። ለበሽተኛ ሰላም፥ ለክፍሉም ጸጥታ ሲባል ለሁሉም አንድ መርፌ መውጋት ደህና የሚመስለው ይህን ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። መድኃኒት ራሱ አእምሮን የሚያውክበትም ጊዜ አለ፤ መድኃኒት ለተላመደው የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን፥ እንዲሁም በብዛት ሲሰጥ ፕሬድኒሶሎን እንዲህ ያደርጋሉ።

እንዲህ ያለውን አጠያየቅ ሐኪሞች ኮንሰልቴሽን ይሉታል፤ እኛ ምክክር ብንለው ይበቃል። በሽተኛውን የያዘው ሐኪም ጥያቄውን ይጽፋል፤ የአእምሮ ባለሙያው ወደ አልጋው ይመጣል፤ አይቶና ጠይቆ መልሱን ያሰፍራል፤ በሽተኛው ግን በፊተኛው ሐኪም እጅ ይቆያል። ይህን ያህል ቀላል ነገር በአገራችን ብርቅ ሆኖ የቆየው ስለ ምንድን ነው ብትሉኝ፥ የአእምሮ ሕክምናችን ከጥንቱ በተለየ ቅጥር ስለ ተጀመረ ነው እላለሁ። የአማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ለብዙ አሥር ዓመታት የአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። የሠራው ሥራ በቃል የሚነገር አይደለም፤ ከየአውራጃው እጁን በገመድ ታስሮ የመጣውን ሁሉ ሲቀበል ኖሯል። ነገር ግን አንድ ቤት ብቻ ለዚህ ሥራ ሲለይ ሌሎቹ ሆስፒታሎች ሁሉ «ይህ የዚያ ቤት ነገር ነው» ማለትን ይለምዳሉ። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የዓባይ ሸለቆ አለ። ትኩሳት የሚያነድደውን ሰው በዚያ ጠመዝማዛ መውረድና መውጣት ምን ማለት እንደ ሆነ መንገዱን የሄደ ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መንገዱ የሚቋረጥበት ጊዜ ታይቷል፤ ያን ጊዜ የሪፈር ወረቀት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ከመጀመሪያው የተስተካከለ አልነበረም። በአሜሪካ በአልባኒ ከተማ በጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል የተከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ነበር። ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ የሮክፌለር ድርጅት በሰጠው ገንዘብ በጥቂት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሐኪሞች በየክፍሉ እየዞሩ ከሌሎች ሐኪሞች ጋር እንዲሠሩ ተደረገ፤ በኮሎራዶ ይህን ሥራ የመራው ዶክተር ኤድዋርድ ቢሊንግስ ነው። ወደ እኛ ቀረብ የሚለው ግን የናይጄሪያው ፕሮፌሰር ላምቦ ነው። በ1950ዎቹ በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ በሽተኛው ከነዘመዱ መጥቶ በመንደሮቹ እያደረ እንዲታከም አደረገ። እኛስ ዘመድን መጥራት ምን ያስፈልገናል? በሆስፒታሎቻችን እኮ አስታማሚ በየአልጋው ሥር ጋቢውን አንጥፎ ያድራል፤ ስንቅም ያመላልሳል። በሽተኛው ትናንት ምን እንደ ነበር ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሚጎድለው የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው።

ጠያቂዎቹም ቀስ በቀስ መብዛት ጀምረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ፤ የተመረቁትም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። በ1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት፤ በአገሩ ሁሉ የነበሩትም የአእምሮ ሐኪሞች አሥር ገደማ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ይፋ የሆነው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም ይህ ሕክምና ከጠቅላላው የጤና አገልግሎት ጋር እንዲዋሐድ ይላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያስጨንቀውን ልናገር። አንዲት ወጣት ሴት ፀረ ተባይ መድኃኒት ጠጥታ ትመጣለች። ሐኪሞቹ ይረባረባሉ፤ ሆዷ ይታጠባል፤ በሦስተኛው ቀን ትድናለች፤ በአራተኛው ቀን ወደ ቤቷ ትሰናበታለች። ካርዷ ላይ «በስሕተት ጠጥታ» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያስጻፉት ዘመዶቿ ናቸው፤ ክፉ አስበው ግን አይደለም። የመንደሩን ወሬ ፈርተው፥ ብትሞትም ፍትሐት እንዳይከለከል ሠግተው ነው። ነገር ግን በእነዚያ አራት ቀኖች «ምን ደረሰብሽ?» ብሎ ለብቻዋ የጠየቃት አልነበረም። ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፤ ያው መድኃኒትም ከጎተራው አጠገብ እንደ ተቀመጠ ነው።

ምክክር ቢጠየቅላት ኖሮ ባለሙያው አስታማሚዎቹን በትሕትና ውጭ ያስቆያቸዋል፤ ከዚያም ነገሩን ሳያድበሰብስ «ለመሞት አስበሽ ነበርን? ዛሬስ ያ ሐሳብ አለን?» ብሎ ይጠይቃታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሐሳቡን ያስገባባታል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ አያስገባባትም። ለብዙዎች እንዲያውም የመጀመሪያው የእፎይታ ደቂቃ ይህ ነው። ጭንቀቷ ሕክምና የሚያሻው እንደ ሆነ ይጀመርላታል፤ የመጣባት ከቤት ውስጥ ዱላ ወይም ካልወደደችው ጋብቻ እንደ ሆነ የሚረዳት ሰው ይፈለጋል። ከመሰናበቷም በፊት ከዘመዶቿ አንድ የምታምነው ሰው ተመርጦ መርዙ ከቤት እንዲወጣ ወይም ተቆልፎ ቁልፉ በእርሱ እጅ እንዲሆን ይደረጋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሆዷን ለማጠብ የፈጀው ጊዜ ከዚህ አይተናነስም።

ወደ አነደድ እንመለስ፤ ወረዳው በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ የታወቀበት ሌላ ነገር አለና። በጎጃም ደጋ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ይይዘዋል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ነው ስሙ። በአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተካፈሉበት ትልቅ የሕክምና ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ታትሟል። ሕክምናው እግርን በየቀኑ ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው፤ ይህን ያደረጉትም እግራቸው በትኩሳት የሚነሣባቸው ጊዜ ቀንሶላቸዋል። ይህ ከአእምሮ ሐኪም ጋር ምን ያገናኘዋል ትሉኝ ይሆናል። በ2015 የታተመ በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር የተደረገ ሌላ ጥናት እንዳሳየው የመንፈስ ጭንቀት ምልክት የታየው ከጤነኞቹ ጎረቤቶች በ0.7 ከመቶው ብቻ ሲሆን ከእግር ሕመምተኞቹ ግን በ12.6 ከመቶው ነበር። በሠርግና በማኅበር ራቅ ብሎ የሚቀመጥ፥ ልጁን የሚድርለት ያጣ ሰው ነው። ልቡ የወደቀ ሰው ደግሞ እግሩን በየቀኑ አያጥብም፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱንም ለወራት አይውጥም። ስለዚህ በአዊ ዞን በሦስት ወረዳዎች በተደረገ ሥራ የእግር ሕክምናውና የአእምሮ ሕክምናው በአንድ ላይ እንዲሰጥ ተሞክሯል። በእኔ አስተያየት እግሩ ተነሥቶበት ሆስፒታል የሚተኛ ሕመምተኛ ሁሉ እግሩ ሲታጠብ ስለ እንቅልፉና ስለ ልቡም ሊጠየቅ ይገባዋል።

አጠያየቁ ግን ያገሩን ቋንቋ የሚያውቅ ይሁን። የጎጃም ገበሬ «የመንፈስ ጭንቀት አለብኝ» ብሎ አይመጣም። «ሆዴ ባር ባር ይለኛል፤ ልቤን ይመታኛል፤ ራሴን ያቃጥለኛል» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ስንት ጊዜ ለታይፎይድ፥ ስንት ጊዜ ለጨጓራ መድኃኒት እየተሰጠው ወደ አምበር እንደ ተመለሰ ማን ይቆጥረዋል? የቅኔ አገር ሰው ነውና ሰሙን ነግሮ ወርቁን እስኪጠይቁት ይጠብቃል።

ጥያቄውንም የሚጽፈው ሐኪም እንዲጠነቀቅ እለምናለሁ። «በሽተኛው ያስቸግራል፤ ይታይልን» ተብሎ የሚጻፍ ወረቀት ምንም አይናገርም። ከመቼ ጀምሮ፥ በየትኛው ሰዓት፥ ከየትኛው መድኃኒት በኋላ እንደ ተለወጠ ቢጻፍ ግማሹ ሥራ አለቀ። ደግሞም በሽተኛው ይነገረው። ሳይነገረው የአእምሮ ሐኪም የመጣበት ሰው «አብደሃል ተባልሁ» ብሎ ይቀየማል፤ ዝም ብሎም ይተኛል። «ሕመሙ እንቅልፍህንና ሐሳብህንም ነክቶታል፤ በዚህ የሚረዳን ሰው ይመጣል» ቢባል ግን የሚቃወም ጥቂት ነው። ጠበልን በሚመለከት፥ ቤተ ሰቡን ማስቀየም አያስፈልግም፤ ጠበሉ በጠርሙስ ወደ አልጋው ይምጣ፥ የወባው መድኃኒትም አይቋረጥ ቢባል ሁሉም ይስማማል።

በመጨረሻም ከአልጋ ሥር ጋቢ አንጥፋችሁ ለምታድሩት አስታማሚዎች አንድ ቃል አለኝ። የእናንተ ሰው ትናንት ያወቃችሁን ዛሬ ካላወቃችሁ፥ ሌሊት ሌላ ሰው ከሆነ፥ ወይም ያለ ልማዱ ዝም ካለ እስኪነጋ አትጠብቁ። ነርሷን ቀስቅሱና «ሰውዬው ተለውጧል፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው» በሏት። አረቄ ይጠጣ እንደ ነበርም ደብቃችሁ አትያዙ፤ ስንት መለኪያ እንደ ሆነ ንገሯት። የሚውጠውን መድኃኒትም፥ ከመንደር የተገዛም ቢሆን፥ ከነብልቃጡ አውጥታችሁ አሳዩአት።